በረቱን አልቆጥርም

ጅግጅጋ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ግን ሲደውሉልኝ ዛሬም ባሕር ተሻግሮ እንደሄደ ሰው ነው የሚጠይቁኝ። «ምግቡን ለመድሽው? ሙቀቱንስ ቻልሽው?» ይሉኛል። ጅግጅጋ ማታ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ እንዳላት ብነግራቸውም አያምኑኝም።

ልዩነት የለም አልልም፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ያየሁትን አልክድም። ሩዝ ከሙዝ ጋር ይበላል። በመጀመሪያው ቀን ሙዙን ለመጨረሻ ብዬ ወደ ጎን ሳደርገው አስተናጋጁ «እሱ ምን አጠፋና ነው ለብቻው ያስቀመጥሽው?» ብሎ ወደ ሩዙ መለሰልኝ። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ስለሚዘጋ ሻማም ሆነ ሳሙና የፈለገ ሰው አሥር ሰዓትን ይጠብቃል። ብዙ ወንዶች እጄን አይጨብጡም፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ያልለመድኩት፣ ለመልመድም ያልሞከርኩት፣ ይህን ስናገር እንደ ትርኢት የሚሰማኝን ሰው ነው።

ነገሩ የከረረው በ2014ቱ ድርቅ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለው አዘጋጄ ደወለና ከሀርሺን ወረዳ የአንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ ታሪክ እንድልክ አዘዘኝ። «ስንት እንስሳ ነበራቸው፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንት ቀረ። ይህን ካገኘሽልኝ ሌላው ቀላል ነው» አለ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። እኔም ለጀማሪ ዘጋቢዎች የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ሾፌራችን የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ ያስተረጉምልኛልም። መንገድ ላይ የምጠይቀውን ስነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ያንን ጥያቄ ለእኔ ስጪኝ፣ በመስኮት ልወርውርልሽ።»

«ለምን?»

«ሰው የከብቱን ቁጥር አውጥቶ አይናገርም፤ ለእንግዳ ደግሞ ጭራሽ። የሰው ዓይን ያገኘዋል።»

«ሰምቻለሁ። ግን መጠየቅ ሥራዬ ነው።»

«እሺ፣ ጠይቂ። እኔ ግን ያኔ ሶማሊኛ ይጠፋብኛል።»

ቤተሰቡ የሰፈረው ከቢርካ አጠገብ ነበር። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ ነው። ያኛው ከተሰነጠቀ ጭቃ በቀር ምንም አልነበረውም። አባወራው ፂማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው፤ «አዴር» አልኳቸው፣ አጎቴ እንደማለት ነው። በዚያ አገር ከመጠየቅ በፊት ወሬ የማምጣት ግዴታ የመጪው ስለሆነ ተጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ደመና አይተሻል? ሣር የበቀለበት ቦታስ? መንገዱ ሰላም ነው? የውሃ ቦቴ ወዴት ሲሄድ አየሽ? ባለቤታቸው የቦቴውን ነገር ደጋግመው ጠየቁኝ። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። ቦቴ የሚሄደው ችግሩ ወደተሰማበት መንደር ነው ብለው ያምናሉ፤ ስለ እነሱ መንደር ደግሞ እስከዚያ ቀን የጻፈ ሰው አልነበረም።

ወሬዬን ስጨርስ ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ሾፌሩ እንዳለው አደረገ፤ ዞር ብሎ አድማሱን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ለዓመታት ጅግጅጋ ገበያ ፍየል ሲሸጡ አማርኛ ለምደዋል።

«እናትሽ አሉ?» አሉኝ።

«አሉ።»

«ስንት ልጅ ወለዱ ተብለው ሲጠየቁ ምን ይላሉ?»

ትዝ አለኝ። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያሳደገችን፤ ይህን የጠየቃት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር። «እግዜር የሰጠኝን ያህል ነው የምትለው።»

«ጨዋ ሴት ናቸው» አሉ ሽማግሌው።

«አቦ፣ እናቷ ሶማሌ ናቸው ማለት ነው» አለ ሾፌሩ።

«የሞቱትንስ፣ አዴር?»

«የሞተውን ስትቆጥሪ የቀረው ይሰማል፣ ልጄ።»

በረቱን ግን አሳዩኝ። ሰፊ ነው፤ ፍየሎቹ በአንድ ጥግ ተጠጋግተው ቆመዋል። ዓይኔ ልማድ አለበትና መቁጠር ሲጀምር ወደ ቢርካው ዞርኩ።

ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥተን ለአዘጋጄ ደወልኩለት።

«ቁጥሩስ?»

«የለም። አይነገርም።»

«ገምቺ እንግዲህ፤ ዓይን አለሽ።»

«አለኝ። አልቆጠርኩበትም።»

«ለአንባቢ ምን ብዬ ላስረዳ? ውጭ አገር እኮ አይደለም የላክንሽ።»

«ውጭ አገር ቢሆንማ ባህላቸው ነው ብለህ በመጀመሪያው አንቀጽ ታከብርላቸው ነበር።»

እሱም አንድ ባለሙያ የወረዳውን ኪሳራ ግምት እንደላከለት፣ ከዚያ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን አስልቶ በሽማግሌው ታሪክ ውስጥ እንደሚያስገባው ነገረኝ። አለዚያ ዘገባው አይወጣም።

«ግምቱን በባለሙያው ስም ጻፈው» አልኩት። «እኚህ ሰው ያላሉትን በአፋቸው ካስገባህ ግን ስሜን አውጣ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ባልኩት አልተጸጸትኩም፤ የከበደኝ ሌላ ነበር። ዘገባው ቢቀር ውሃ የሚጠማው እኔን አይደለም። ስለዚህ ወደ መንደሩ ተመልሰን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁጥር ከሌለ ጽሑፉ ላይወጣ እንደሚችልም።

«እንግዲያው ይቅር» አሉ ሽማግሌው። «ፍየሎቼን አስቆጥሬ የማገኘው ውሃ አይወርድልኝም።»

ባለቤታቸው ግን ሾፌሩን ወደ በረቱ እየጠቆሙ በሶማሊኛ ተቆጡ። ይህንን አጥርቶ ተረጎመልኝ። «ከወዲያ በኩል የጎደለውን የእሾህ አጥር አላየችም? በዚያ በኩል የምናጥርለት እንስሳ ስለሌለ እየፈታን ለማገዶ አነደድነው። እሱን ትጻፍ። አጥር ማየት ክልክል ነው ያላት አለ?»

ሄጄ አየሁ። የአጥሩ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ የለም፤ መሬቱ ላይ የእሾህ ርጋፊና አመድ ነበር።

ዘገባዬን በዚያ አጥር ጀመርኩት። ቤተሰቡ የእንስሳቱን ቁጥር እንደማይናገር፣ ለምን እንደማይናገርም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አዘጋጄ አንድ ቀን አሳደረው፤ በማግስቱ ቃል ሳይቀይር አወጣው። የባለሙያው ግምት ከታች፣ በባለሙያው ስም ሰፈረ። ቦቴ በኋላ ወደዚያ መንደር ሄዷል። በዘገባው ምክንያት ይሁን አይሁን ስላላረጋገጥኩ፣ ነው አልልም።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ አካባቢ በምልከው ዘገባ የአንድም ሰው የከብት ቁጥር ገብቶ አያውቅም። አዲስ አዘጋጅ በተመደበ ቁጥር ጥያቄው ይመጣል። ምክንያቱን አንድ ጊዜ በትዕግሥት አስረዳለሁ። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ እምቢ እላለሁ።