ክር ልግዛ ብዬ ቡሬ

ከፍኖተ ሰላም በወጣሁበት ምሽት ለየኔታ የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ክር አልቆብኛል፣ ቡሬ ደርሼ ልምጣ» አልኳቸው። ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ፤ ክሩን እስካሁን አላደረስኩም።

ፍኖተ ሰላም ያላችሁት ታውቁኛላችሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ የባጃጅ ሸራ የምሰፋው እኔ ነኝ። በስደት ያላችሁት ግን አታውቁኝምና ልናገር። የባጃጅ ጣሪያ ሸራ ነው፣ የጎጃም ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ በዚህ በሁለቱ መካከል ነበር እንጀራዬ። ኋላ ላይ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ባጃጆቹ ቆመው መዋል ጀመሩ። የቆመ ባጃጅ ደግሞ ሸራው አይቀደድም። እኔም ከደላላ ጋር መነጋገር ጀመርኩ።

የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ የክርስትና አባቴ ናቸው። በስተርጅና ባጃጅ ገዝተው ሾፌር ቀጠሩ፤ ከተማው «የዜማው መምህር በሦስት እግር መጡ» እያለ ሲስቅባቸው እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላ በግራ በኩል ነው። ያን ቀን ሸራዋን እየለወጥኩላቸው ነበር። ቀኙን ሰፍቼ፣ የኋላውን ሰፍቼ፣ ግራው ሲቀረኝ ደላላው ደወለ፤ መኪናው ዛሬ ነው፣ አሁኑኑ ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለኝ። ወስፌዬን ያልተሰፋው ጠርዝ ላይ ሰክቼ ተነሣሁ። እውነቱን ብነግራቸው «ተቀመጥ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እቀመጥ ነበር። ስለዚህ ዋሸሁ። ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

የሄድነው በቆሎ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሸራው ሥር ተጋድመን ነው። ቡሬ ሲደርስ ሾፌሩ እራት ሊበላ ቆመ። በሸራው ስንጥቅ አጮልቄ ባይ፣ የክር ሱቁ መብራት አብርቶ ክፍት ነው። ወርጄ ክሩን ልግዛ፣ ቢያንስ ውሸቴ በግማሽ ይቃለላል ብዬ ስነሣ አጠገቤ የተኙት እግሬን ያዙኝ። ወደ ኮሶበር ስንወጣ ዝናቡ ወረደ፤ የአይሱዙው ሸራ ያፈስ ነበር። ቀዳዳውን በጨለማ ዳብሼ አገኘሁትና እስከ ዳንግላ ድረስ ጣቴን ሰክቼበት ሄድኩ። ከአገሬ የወጣሁት እንደዚህ ነው፣ በአንድ ጣት ተንጠልጥዬ።

ስለ በረሃው አልጽፍም። ስለ ባሕሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የጎማ ጀልባዋን ሲያሳዩን ሌላው ሰው ሞተሩን አየ፣ እኔ ስፌቷን አየሁ። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ጀርመን ገባሁ። ጽሕፈት ቤት አስገብተው በአስተርጓሚ ጠየቁኝ። ሙያህ ምንድን ነው ሲሉኝ የባጃጅ ጣሪያ ሰፊ ነኝ አልኩ። ባጃጅ ምንድን ነው? ባለ ሦስት እግር መኪና። አራተኛውስ እግሩ? የለውም። ጠፍቶ ነው? ከመጀመሪያውም የለውም። በሩስ? እሱም የለውም። ሰውዬው ብዙ ጻፈ። በኋላ አስተርጓሚዋ ስታነብልኝ «አመልካቹ ያልተሟሉ ተሽከርካሪዎችን ይጠግን ነበር» ይላል። ፈረምኩበት፤ ሐሰት አይደለማ።

ከሁለት ዓመት በላይ በካምፕ ከቆየሁ በኋላ ከአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ሄር ክራውዘ ይባላሉ፤ «ሄር» እንደኛ «አቶ» ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የመኪና ወንበርና ሸራ በመስፋት የታወቁ፣ ወርክሾፓቸው ከክፍሌ ሥር የሆነ ሰው ናቸው። የገባሁ ዕለት አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ቆሻሻ በአራት ዓይነት ይለያል፣ እሑድ መዶሻ አይነካም፣ ሽንኩርት ሲጠበስ መስኮት ይከፈታል። ጠዋት ስንገናኝ «ሞርገን» ይሉኝና ያልፋሉ። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ገና ከብቶቹ እንዴት አደሩ ላይ ነን። ዝናቡም እንደ ሰላምታቸው ነው፤ ነጎድጓድ የለው፣ ወር አያውቅ፣ ዝም ብሎ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል። ዳቦው ጥቁር ነው፤ የዳጉሳ መስሎኝ በጉጉት ገመጥኩት፤ አይደለም።

ችግሬ ይኸ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ሰኔ ማብቂያ የሙያ ሥልጠና ውል ካላመጣህ ወደ አገርህ ትሸኛለህ ይላል። «አውስቢልዱንግ» ይሉታል፤ ሦስት ዓመት ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ መማር ነው። ደብዳቤውን ለሄር ክራውዘ አሳየኋቸው። አነበቡትና ወደ ጋራዡ ወሰዱኝ።

አንዲት አሮጌ መኪና በአንሶላ ተሸፍና ቆማለች። ገለጧት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ወደ ኋላ ይታጠፋል። «ካብሪዮ» ናት አሉኝ። እኔ ደግሞ ከደስታዬ ብዛት «ባጃጅ!» አልኩ። ስልኬ ላይ የባጃጅ ፎቶ አውጥቼ ሳሳያቸው ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ጉዳዩ ግን ምሥጢር ነበር። አርባ ዓመት የሰው ሸራ የሰፉት ሄር ክራውዘ፣ የራሳቸው መኪና ታፈሳለች። ሦስት ጊዜ አዲስ ሸራ አልብሰዋታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲያጥቧት የሾፌሩ ግራ እግር ሥር ውሃ ይቋጥራል። ከተማው ከሰማ አለቀልኝ አሉ። ዝናብ ሲጥል ወዴት እንደሚነዷት ጠየቅኋቸው።

«ዝናብ ሲጥል አላወጣትም። አሮጊት ናት» አሉ።

«ታዲያ ለምን ትጠገናለች?»

«ስለምታፈስ» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩ። ቀዳዳውን ካገኘህ ውልህን እፈርማለሁ፣ ካላገኘህ ከዚህ የምትማረው የለም አሉ።

እኛ ዘንድ አዲስ ሸራ መግዛት ቅንጦት ስለሆነ ቀዳዳ መፈለግ ግድ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሰፊው ውጭ ሆኖ ውሃ ያፈሳል፣ ባለቤቱ ራሱ ከውስጥ ይቀመጣል፣ ኋላ ፈሰሰብኝ ብሎ እንዳይጣላ። ውስጡ በሙሉ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ጠብታ ያረፈበት ወዲያው ይጠቁራል። ውሃው ከላይ አይጀመርም፤ ከታች ጀምሮ ስንዝር በስንዝር ይወጣል። ይህን ስነግራቸው ሄር ክራውዘ እንደ እብድ አዩኝ። ደብዳቤዬን አስታወስኳቸው። በመጨረሻ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡ፣ ሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ነሰነስኩ፣ በሩን ዘጋሁ።

ከታች ጀመርኩ። «ናይን» ይሉኛል ከውስጥ፤ የለም ማለት ነው። ጥቂት ከፍ አልኩ። «ናይን»። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንባባል ቆየን። ከኋላ በግራ፣ ሸራው ከታጠፈበት ሥር ያለው አሸንዳ ጋ ስደርስ ግን ጮኹ። በሩን ስከፍተው ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው መስለው፣ በጣታቸው አንድ ጥቁር መስመር ያሳዩኛል። ውሃው ከኋላ ገብቶ በወለሉ ምንጣፍ ሥር እስከ ሾፌሩ እግር ይጓዝ ኖሯል። የአሸንዳውን ቱቦ በሽቦ ስጠርገው የበሰበሰ ቅጠልና ሽኮኮ የደበቀችው ለውዝ ወጣ። ሸራው ምንም አልነበረበትም። ሦስት ጊዜ የተቀየረው በከንቱ ነው። ሄር ክራውዘ ለውዙን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ያገሬን ሙያ አሟልቼ ላሳይ ብዬ ስፌቱን ሰም መቀባት አማረኝ። በመርፌ ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ሰም ከዘይት ጋር አቅልጦ መቀባት ነው። ንብ ከሚያረቡት ጎረቤታችን ከፍራው ሊንደ ሰም ገዛሁ፤ «ፍራው» ወይዘሮ ማለት ነው። ከሱፍ ዘይት ጋር አቅልጬ ቀባሁት። ሄር ክራውዘ መጥበሻ መጥበሻ ይሸታል አሉኝ። ሽታውን ለማጥፋት ከእስያ ሱቅ ጠጅ ሳር ገዝቼ ሸራውን በደንብ አሸሁት። ሸተተልኝ፤ ደጋግሜ ሳሸተው ዓይኔ እንባ ሞላ። የቤታችን ጓሮ ሽታ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አላስተዋልኩም።

በዚያ ሰሞን እሑድ ጠዋት ሄር ክራውዘ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አውጥተው ሊፈርሙልኝ ብዕር ይዘው ሳለ ሰማዩ ጮኸ። ቀና ስል የንብ መንጋ ነው። በአትክልቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ በቀጥታ ካብሪዮዋ ጣሪያ ላይ፣ በግራ በኩል አረፈ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ አዲስ ቀፎ ሲሰቅል ሰም ይቀባውና በጠጅ ሳር ያሸዋል፤ ንብ እንዲገባለት። የሄር ክራውዘን መኪና ቀፎ አድርጌያት ኖሯል።

እኛ ጋ ንብ ደጅህ ከገባ ገድ ነው። አፌ ቀድሞኝ «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው። እሳቸው ግን ውሉን ጥለው ሮጡ፤ የአትክልት ጎማውን ይዘው መጡና እሑድ ነው ሳይሉ ውሃውን በሙሉ ኃይል መኪናዋ ላይ ለቀቁት። እኔ አይሆንም እያልኩ እለምናለሁ፤ እሳቸው ውሉ ቀረ፣ ሁሉም ነገር ቀረ እያሉ ያፈሳሉ። ሻንጣዬን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ገና ከአልጋው ሥር ነበር።

ፍራው ሊንደ ጩኸቱን ሰምተው ካርቶን ይዘው ደረሱ። መጀመሪያ ሄር ክራውዘን ተቆጡ። ከዚያ እኔና ፍራው ሊንደ፣ እኔ ውሃ በእጄ እያርከፈከፍኩ፣ እሳቸው በላባ እየጠረጉ፣ መንጋውን ካርቶኑ ውስጥ አስገባነው። በአማርኛ «ግቢ እናቴ፣ ግቢ» ስላት የንቧ ንግሥት ገባች፤ በቋንቋዬ የታዘዘችኝ የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት ናት።

ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ሄር ክራውዘ የመኪናዋን በር ከፈቱ። ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ። ጫማቸውን አውልቀው ግራ እግራቸውን አስገቡ፤ በካልሲያቸው ምንጣፉን ረገጡት።

«ትሮክን» አሉ። ደረቅ ነው ማለት ነው።

የረጠበውን ውል ከሣሩ ላይ አንሥተው በመኪናዋ ኮፈን ላይ ፈረሙበት። ሦስት ዓመት። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱ ለምን እንደተጨማደደ ጠየቀኝ፤ ውሃ ነክቶት ነው አልኩ፤ እሱንም ጻፉት።

ውሉ የተፈረመልኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለየኔታ ደወልኩ። መስመሩ ብዙ ቀን ጠፍቶ ከርሞ በስንት መከራ ተገኘ። ሰኔ ነው፤ ከየኔታ ድምፅ ቀድሞ ዝናቡ ተሰማኝ። ባጃጅ ውስጥ ነበሩ። እንደ ሁልጊዜው ከብቱን፣ ቤቱን፣ ጤናውን ተጠያየቅን፤ እንደ ሁልጊዜውም መጨረሻ ላይ ጠየቁኝ።

«ክሩ ተገኘ?»

አራት ዓመት ሙሉ «ገና ነው የኔታ» እያልኩ ነበር። ያን ቀን አላስቻለኝም። ተገኝቷል፣ ግን ቶሎ የምመጣ አይደለሁም፤ እባክዎ ግራውን ሌላ ሰው ይስፋልዎ አልኳቸው። ቡሬም ደምበጫም ጥሩ ጥሩ ሰፊ አለ፤ ስም ጠርቼ ነገርኳቸው።

«የቡሬው እኮ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «መለስኩት። ወስፌህም እንደሰካሃት አለች፤ ዝጋለች እንጂ።»

«ለምን የኔታ? አራት ክረምት ሙሉ ይርሳሉ?»

ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል፤ በድምፁ ብቻ የትኛው ጎን ክፍት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

«ከተሰፋማ ልጄ፣ ምን ብዬ እጠራሃለሁ?»

የፈረምኩትን ሦስት ዓመት ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ጃንጥላ ይዘው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ይዣለሁ አሉ። ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ይያዙት፣ ውሃው የሚገባው ከሚንጠባጠብበት ቦታ አይደለም አልኳቸው። እሺ ብለው ሲያዘነብሉት ይሰማኛል። «ይኸው፣ አቆመ» አሉኝ። እንዳላቆመ ይሰማኝ ነበር።