በአንድ ቀን ሦስት ቀለም

ልጅ ሳለሁ፣ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ የእናቴ አጎት አባባ ሙሄ ምድጃው ዳር ይቀመጡ ነበር። ያኔ መብራት አልገባልንም፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ እኛ ልጆች አፍ አፋቸውን እናያለን። በጎልማሳነታቸው አሰብ ወርደው በመርከብ ሠርተዋልና ወጋቸው ሁሉ ባሕር ባሕር ይላል።

አንድ ምሽት ስለ ዛንዚባር ደሴት አጫወቱን። ከሩቅ አገር በመርከብ መጥቶ ለውበት በየደጁ የተተከለ አበባ አለ አሉ፤ ጠዋት እንደ ወተት ነጭ፣ ቀትር ላይ ሮዝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደም የመሰለ ቀይ።

«አንቱ ይዋሻሉ!» አልኩ።

 እናቴ እጇን ስታነሳብኝ «ተያት» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ዳግመኛ የማያወጉን መስሎኝ ስጨነቅ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። «ተነሽ ልጄ፣ ተከተይኝ።»

ወንዙ ዳር ወዳለው የጥጥ ማሳችን ወሰዱኝ። ገና የፈነዳች ነጣ ያለች አበባ አሳይተው፣ «ጥጥ የዚያ የደሴቱ አበባ ዘመድ ነው። ምልክት አድርጊባት» አሉ። ከሻሼ ክር መዝዤ ግንዷ ላይ አሰርኩ። በዙህር ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ሮጬ ሄድኩ፤ ያው ናት። በአስር ሰላት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጫፏ ቀላ ብሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክሬ እንዳለ ነው፤ አበባዋ ግን ሂና የሞቀች ሙሽራ መስላ ቀልታለች።  ተወልጄ ባደግኩበት ማሳ፣ በየዓመቱ ስንለቅመው በኖርነው ጥጥ ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ቀን አላየሁም።

«ሱብሃነላህ!» አልኩ። ቀጥሎም በእፍረት፣ «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«እኔስ መች አየሁት?» አሉ እየሳቁ። «ዛንዚባር ደርሼ አገሬ እስክመለስ ድረስ፣ ወላሂ፣ ስንት ዓመት በጥጡ መሃል አልፌያለሁ!»

ዛሬ ወልድያ አስተምራለሁ፤ እሳቸውም ካለፉ ቆዩ። ከወጋቸው ብዙው ጠፍቶብኛል። ያኔ ሊረቱኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የደፈረቻቸውን ልጅ ከጎናቸው አቁመው አብረዋት መደነቅን መረጡ። አሁንም ተማሪ ሲጠራጠረኝ ቁጣዬ ሊመጣ ሲል፣ ያ ሳቃቸው ይቀድመዋል።