የእኔ አማካይ

ሃክኒ በሚባለው የሰፈራችን ሜዳ ዳር ላይ የልጄን የቤዝቦል ጓንት አነሳሁት። የረጠበው ቆዳ ሲሸተኝ የድሮው ፍርሃት ትዝ አለኝ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እኔም እንደ ልጄ ኳስ ወርዋሪ ነበርኩ። አሠልጣኛችን በየወርዋሪው ላይ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሰጠን። ጎበዙ ያነሰ የተቆጠረበት ነው። የእኔ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አባባ የሚያውቁት ግን የትምህርት ቤት ካርድ ነው፤ እዚያ አማካዩ የበለጠ ልጅ አንደኛ ይወጣል። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች አነጻጸሩና፣ «ሁሉንም በለጥሻቸው! አንደኛ ነሻ!» አሉ።

ሳላርማቸው ሰንጠረዡን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ «የልጄን አማካይ የሚደርስበት የለም» እያሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ፣ አንዱ የሚያውቅ ሰው አሁን ይስቅባቸዋል ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ዛሬ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመዋል። የልጄ ቡድን ሰንጠረዥ ስልኬ ላይ ገባ።

«ስንተኛ ወጣች?» አሉኝ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ቀስ እያለ ወርዶ ስሟ ላይ ቆመ።

«ጎሽ» አሉ፤ «የእሷስ ትንሽ ነው።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።