ቀለበቱን ሳይነካ

ጊንጪ፣ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ፣ ልጆች የቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ሲሚንቶው ላይ በነጠረች ቁጥር የያዝኩትን ሥራ ትቼ ጆሮዬን አቀናለሁ። የቀለበቱ ብረት እንዳይጮህ እየፈራሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍልን የተማርኩት ከትውልድ ከተማዬ ከጎጆ ወጥቼ አምቦ ቤት ተከራይቼ ነው። ያከራየችኝ ሴትዮ ደግ ነበረች፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ናት። ክፍል ውስጥም የሚያውቀኝ አልነበረም። አፍም ካልተናገሩበት ይሻግታል መሰለኝ፣ አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፄ ያስደነግጠኝ ነበር።

ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ወደዚያች ባዶ የኪራይ ክፍል ቶሎ ላለመግባት ከትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የቅጠሉ ሽታ ከአቧራው ጋር ይነሳል። ያን ጊዜ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ረጅም ልጅ ኳሷን ይዞ ይመጣል።

የሜዳው ቀለበት መረብ አልነበረውም። አንዴ ተሰብሮ ዘበኛው በስንት ልመና ያስበየደው ስለሆነ ማንም እንዲንጠለጠልበት አይፈቅድም። ልጁንም «ዝለል፤ ብረቴን ግን እንዳትነካ!» ይለው ነበር።

የልጁ ዳንክ፣ ያ ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መክተቱ፣ ውበቱን ያገኘው ከዚህ ክልከላ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ዘለው ቀለበቱን ሊነቅሉት ይደርሳሉ። እሱ ግን፣ ምን ልበል፣ ሮጦ ይነሳና እላይ ትንሽ ይቆያል፤ ኳሷን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ያስቀምጥና እጁን ይሰበስባል። ኳሷ ትወርዳለች፤ ብረቱ ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቀን መሬት እንደረገጠ ወደኔ ዞረ።

«ነካሁት?»

«አልነካህም።»

«ጋሪዳ!» አለ በኦሮምኛ፤ «ጥሩ ዳኛ ነሽ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በዘለለ ቁጥር ይጠይቀኝ ጀመር። ከነካ «ነካህ» እለዋለሁ፤ ይደግመዋል። ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም። ነገር ግን በዚያ ከተማ ከኔ መልስ የሚፈልግ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እወደው ነበር? ዝላዩን እወደው ነበር። እሱንም ሳይሆን አይቀርም።

ክረምቱ ሲያልፍ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ፤ እሱን አዲስ አበባ ያለ ክለብ ወሰደው። ሰው የሌለበትን ሜዳ እያየሁ መቀመጤን ግን አልተውኩም።

ከገና በኋላ ለጥቂት ቀን መጣ። ጫማው አዲስ ነው፣ ትከሻው ሰፍቷል። ሜዳው በልጆች ተሞልቶ ነበር፤ እኔም ቦታዬን ያዝኩ። ሮጦ ተነሳ፣ ኳሷን ደፈቃትና ቀለበቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለ። ብረቱ ጮኸ። ልጆቹ ጮኹ፣ አፏጩ። ያ ብረቴን አትንኩ የሚለው ዘበኛ እንኳ ያጨበጭብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ ግን እንደዚያ የሚዘል ሌላም ሰው አይጠፋም።

ወረደ። ጠበቅሁት። ወደ ባሕር ዛፉ ሳይዞር ኳሷን ተቀብሎ እንደገና ሊዘል ሄደ።

«ነካኸው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።