ሳይቀባ የቀረ ጉም

ደብረ ብርሃን አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሥዕል ታሪክ አስተምራለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አንኮበር ሄጄ ከአባቴ ጋር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሥላለሁ። ደመወዙ ወር አያደርስም፤ የአባቴም ዓይን ፈዟል። ቀለሙን እሱ ይበጠብጣል፣ እኔ እቀባለሁ።

በየዓመቱ ትምህርቱ የድሮዎቹ የቻይና ሠዓሊዎች ጋ ሲደርስ ይከፋኛል። ሹማምንቱና ምሁራኑ እንጀራቸው ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ፣ በጥቁር ቀለም ተራራውን ነካ ነካ አድርገው ከሚሥሉበት የሐር ጨርቅ የቀረውን ባዶውን ይተዉት ነበር። ጉም ነው ይላሉ። ለወዳጅ ይሰጡታል እንጂ አይሸጡትም፤ ቢያንስ እንዲያ ነው የሚያወሩት። በብሩሹ የሚያድረው ባለሙያ ግን ወርቁንም አበባውንም፣ ያዘዘውን ሰው ፊትም ሞልቶ ያስረክባል፤ ስሙ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ተማሪዎቼ ይህን ሲጽፉ እኔ በመስኮት ውጪውን አያለሁ። ጉሙማ እኛም አገር ሞልቷል።

ባለፈው ክረምት የእመቤታችንን ስደት ስንሥል፣ አንዲት ነገር ለራሴ ማድረግ አማረኝ። ከኋላዋ የአንኮበርን ገደል ሣልኩና ከሥሩ ያለውን፣ የምንሥልበትን ነጭ አቡጀዲ ጨርቅ ሳልቀባ ተውኩት። ከሠራሁት ሁሉ የእኔ የምለው ያንን ብቻ ነበር።

ሥዕሉን የሚያሠሩት ነጋዴ ሊያዩ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተሳልመው፣ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት።

«መምህር፣ እዚህ ጋ ቀለም አለቀ እንዴ?»

«ጉም ነው፣ ጋሼ። ሆን ብዬ ነው።»

«ጉሙንማ ውጪ እናየው የለ? ጨርቁን ሙሉ ገዝቼ ባዶ ቢቀር ሰው ምን ይለኛል? እኔና ባለቤቴ እዚያ እንግባ።»

ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ መሣሉ የቆየ ወግ ነው። ለእሳቸውም ከታች በኩል ቦታ ትቼላቸው ነበር፤ ጠበበቻቸው። አንድ ቃል ይናገርልኛል ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። ቀለሙን እያማሰለ፣ «ሙላላቸው፣ ልጄ» አለ።

ተናደድኩ። ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ብሩሼን አነሳሁ። በወጋችን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ርኩስ ከጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። አንድ ዓይናቸውን እንዳስቀርባቸው ሰይጣን ሳይፈትነኝ አልቀረም። ሁለቱንም ሰጠኋቸው። ጉሙ የነበረበት ላይ ነጭ ኩታቸው አረፈ።

ሲያዩት እንባቸው ቀረረ። ሰላ ድንጋይ ከተማ ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ሥራውን ለእኛ እንደሚሰጡ ነገሩን። አፌን ሳልከፍት አባቴ «ይሠራል፣ እሱ ይሠራል» አለ። ደስ ብሎታል። እኔ ደክሞኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ክንዴን እንደያዘ ቆም አለ።

«ያ የተውከው ቦታ» አለኝ፣ «ያምር ነበር?»

እስከዚያ ድረስ ጨርሶ እንዳላየው አልገባኝም ነበር።

«ያምር ነበር፣ አባባ» አልኩት። ሌላ የጠየቀኝ ሰው የለም።