የብርቱካን ፎቆች

ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ዳርን እንኳ ሳላይ፣ አውቀዋለሁ ብዬ የምኩራራበት ትልቅ ከተማ ኒውዮርክ ነበር። አትሳቁ፤ ዳንግላ የእኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ እንዲያ ነበርን። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ቤት፣ ከማርያም ሥዕል ሥር፣ የልጃቸው የብርቱካን ፎቶ ተሰቅሏል። ብርቱካን ዲቪ ደርሷት አሜሪካ የሄደች፣ ከሰፈራችን የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ፎቶው ላይ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ከኋላዋ ሁለት መንታ ፎቆች ጫፋቸው እስኪጠፋ ድረስ ወደ ላይ ወጥተዋል። በእኛ አገር ሰው ፎቶ የሚነሣው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው። በሰው ቤት ፊት ቆሞ ማን ይነሣል? ስለዚህ እዚያ ፎቅ ውስጥ እንደምትሠራ የተጠራጠረ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ ልጆችም «የብርቱካን ፎቆች» ነበር የምንላቸው።

እኔ ብርቱካንን የማውቃት በእጇ ነው። ከመሄዷ በፊት እሑድ እሑድ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኝ ነበር። ስትጎነጉን ዓይኔ እስኪፈጥ ትጎትተኛለች፤ ሳለቅስ «ዝም በይ፣ ቁንጅና እንዲሁ ይገኛል እንዴ!» ትለኛለች። የቅቤው ሽታ ትራሴ ላይ ሳምንት ይከርማል። የሄደች ዕለት ከአውቶቡሱ ኋላ እየሮጥሁ ጭቃ ውስጥ ወድቄያለሁ።

የዚያ ዓመት ዕንቁጣጣሽ፣ የ1994 መባቻ፣ ዝናቡ ቀደም ብሎ አባርቶ ነበር። እኛ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘን በየደጁ ስንዘፍን፣ መጀመሪያ የገባነው እትዬ ጥሩነሽ ቤት ነው። እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዳቦውን በየእጃችን ሲያድሉን «ለብርቱካኔም ዝፈኑላት፣ እዚያ ማን ይዘፍንላታል» አሉን። እኛም ወደ ፎቶው ዞረን ዘፈንንላት። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው የመጨረሻ ጊዜ ነው።

አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ተጠቅጥቀን ነበር። ዜናው ሲጀምር ፎቆቹ ብቅ አሉ። እኛ ልጆች በአንድ ድምፅ «የብርቱካን ፎቆች! የብርቱካን ፎቆች!» ብለን ጨፈርን፣ አጨበጨብን። ሰፈራችን በቴሌቪዥን የወጣ ነው የመሰለን። ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። ከዚያ እሳቱ። ከዚያ ያ ሁሉ ድንጋይ በቁሙ እየተናደ ወደ ታች ወረደ። ማንም ተዉ ሳይለን እጃችንን አወረድን። ጭብጨባው እስካሁን አንዳንዴ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል፣ ያንገሸግሸኛል።

አባቴ ከሻይ ቤቱ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ ወሬውን ሰምታ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔን ስታይ ጣቷን ቀሰረች። «ዋ! እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ትንፍሽ ብትይ፣ ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» በዓመት መባቻ መርዶ አይነገርም። ደግሞስ ምን ተብሎ ይነገራል? ቁርጡን የሚያውቅ የለም። ያኔ እንዲህ እንደዛሬው በየኪሱ ስልክ የለ፤ ስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት ይልካል፣ ሰው በተቀጠረበት ሰዓት ሄዶ ይነጋገራል። የምትደውለው እሷ፣ የምንጠብቀው እኛ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት ይነገራሉ! አባቴ «ኳስ ልስማበት» ብሎ የእትዬ ጥሩነሽን ሬዲዮ ተዋሰ፤ ኳስ ወድዶ አያውቅም። እናቴ በቀን ደጋግማ ጨው ልትበደር ትሄዳለች፤ የእኛ ቤት ጨው ሞልቷል። ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን እናቴን «እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችሁ ነው? በደህና ነው እንዲህ የወደዳችሁኝ?» ሲሏት ሰማሁ። እናቴ ሳል እንደያዘው ሰው አጎንብሳ ወጣች።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። የእድሩ ዳኛ አያ ዘውዴ ነበሩ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነው» አሉ፤ «ሬሳ ያየ የለ፣ ስም የጠራ የለ። ይህ መርዶ አይደለም።» ሌሎቹ ግን ነገ ገበያ መሆኑን አነሡ። ገጠሬው ሁሉ ይገባል፤ አንዱ አፉ ያመጣለትን ገበያ መሀል ቢያፈርጠውስ? ስለዚህ ሰው ሳይወጣ፣ በማለዳ ሄደው፣ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቷል፣ ቁርጡን ግን አናውቅም፣ እንጸልይ ሊሏቸው ተስማሙ። አያ ዘውዴ አጥብቀው አስጠነቀቁ፦ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ እንዳይኖር፣ የሚያለቅስ እንዳይኖር።

ማንም ነጠላ አላዘቀዘቀም። ግን ምን ይሆናል! ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ ሆነው ደጅ ቆሙ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። እትዬ ጥሩነሽ በሩን ከፈቱ፣ ከአያ ዘውዴ ጀምረው ፊቱን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። አያ ዘውዴ «ጥሩነሽ፣ ስሚኝማ፣ ነገሩ...» ሲሉ አልሰሟቸውም። ጩኸታቸውን እኔ ከአልጋዬ ላይ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው? ለቅሶው በአገውኛ ጀመረ፣ በአማርኛ ቀጠለ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ፣ ገበያተኛው ጭነቱን እያወረደ ገባ።

*ሰማይ ይነካል ስትዪኝ ፎቁን ስታሳዪኝ፣*
*ከላይ እንደሚጥል ምነው ሳትነግሪኝ።*

ደረታቸው እስኪቆስል መቱ። ፊታቸውን ነጩ። እኔም አለቀስሁ፤ ሹሩባዬን በእጄ ይዤ አለቀስሁ።

የስልክ ቤቱ መልእክተኛ የጥሪ ወረቀቱን ይዞ የመጣው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ነው። ድንኳኑን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። ወረቀቱ ላይ የጠሪዋ ስም ብርቱካን ይላል። ለቅሶተኛው ሁሉ ድንኳኑን ጥሎ ስልክ ቤት ወረደ። እትዬ ጥሩነሽ መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ሁላችንም ወደ በሩ ተጠጋን። «እማ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን ከውጭ ሆነን ሰማነው። እሳቸው ግን አላመኑም። አማርኛማ ሰይጣንም ይችላል። በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቋት። መልሱ መጣ፣ በአገውኛ፣ እያለቀሰች። ያን ጊዜ «እሷው ናት!» ብለው ጮኹ። እልልታው ዳንግላን አናጋት። ለካስ ብርቱካን የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ እነዚያ ፎቆች ጋ የሄደችው አንድ ቀን ለጉብኝት ነው!

አሁን አልቆ ደስታ መሆን ነበረበት። እትዬ ጥሩነሽ ግን የሐዘን ልብሳቸውን አላወለቁም። ቄሱ ቢመክሯቸው፣ አያ ዘውዴ ቢቆጧቸው እምቢ አሉ። «የእኔዋስ ደወለች» አሉ። «ያልደወሉት እናት የላቸውም? እኔ ያቺን እናት ሆኜ ውያለሁ። አውቃታለሁ።» አርባውን ጨርሰው ነው ጥቁሩን ያወለቁት። ከዚያም በኋላ ሳቃቸው አልተመለሰም፤ ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሆነው ኖሩ። ብርቱካን ነይልኝ ብትላቸው «እዚያ ፎቅ ሥር? ሞቼ ነው!» ይላሉ። እሷ አግብታ ወለደች፤ አንዴ መጣች፣ ሁለተኛውን ነገ ዛሬ ስትል ዓመታት ሄዱ። ግን በየሳምንቱ ትደውላለች። እሳቸውም ስልኩን ሲያነሡ፣ እስከ መጨረሻው፣ መጀመሪያ በአገውኛ ያናግሯት ነበር።

በቅርቡ፣ መንገዱም ኔትወርኩም ለወራት በተዘጋበት ክረምት፣ እትዬ ጥሩነሽ ታመው ሞቱ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የለም፤ አያ ዘውዴም አባቴም ከሞቱ ቆይተዋል። የተገኘነው ቀበርናቸው። አርባቸውም አለፈ። ልጃቸው አላወቀችም፤ የምንነግርበት አልነበረንም።

ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ብርቱካን ናት፤ ድምፄን ስትሰማ እልል አለች። «ተመስገን! ተመስገን! አላችሁ? የእማዬ ስልክ እምቢ አለኝ፤ እስቲ ሄደሽ አገናኚኝ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ቀኑ ጠራራ ነው። ዙሪያዬን ባይ ሽማግሌ የለ፣ ሴቶች የሉ፣ ጎሕ የለ። «ብርትዬ፣ ከማን ጋር ነሽ?» አልኋት።

እልልታዋ ቀጥ አለ። «ብቻዬን ነኝ» አለች። «መኪና ውስጥ።» ከዚያ በቀስታ፣ «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኋት። የሹፌሩ ወንበር ላይ ግንባሬን ጥዬ፣ ከእሷ ጋር አለቀስሁ። በውሸቱ መርዶ ቀን ዳንግላ እንዳለች ተነሥታ እናቷን ደግፋ ይዛ ነበር። ይህ እውነተኛው ነው፤ እሷ ግን ትከሻዋን የሚይዝላት አንድ ሰው የላትም። «አደራ፣ ስልኩን አትዝጊብኝ» አለችኝ። እኔ አልዘጋሁባትም። ኔትወርኩ ሄደ።