ለጥሩነሽ ሸክላ የተመረጠው መርፌ

ሥራ የጀመርሁ ቀን የሱቁ ባለቤት ጋሼ ታደለ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ መርፌዎች ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። "ከሁለቱ የሞተው የትኛው ነው?" አሉ። የአንዱ መያዣ ብረቱ ዝጎ ስለነበር እሱን አነሣሁ። "ዝገቱ የመያዣው ነው። ሸክላው የሚያውቀው ጫፉን ብቻ ነው፤ ጫፉን እዪ" አሉና ወደሚጠግኑት ሬዲዮ ተመለሱ። አየሁ። አዲስ የመሰለኝ መርፌ ጫፉ በአንድ ጎን ተበልቶ እንደ ምሳር ስል ሆኖ ነበር። ዝገታሙ ደህና ነው።

ሱቃችን ከከተማችን ፒያሳ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ወርቅ ሠሪና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ማዕረግ ነበረን። አዲስ ሰው አቧራ ይጠርጋል፤ ቀጥሎ ዕቃ ይፈታል፤ እጁ ሲጠና ይበይዳል። መርፌ መምረጥ ግን የጋሼ ታደለ ብቻ ነበር።

ሬዲዮ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሴት መሆኔን ሲያዩ "ባለሙያው የታል?" ይሉኛል። "ወጥቷል" እላለሁ። ጠግኜ ስመልስላቸው ደግሞ "ባለሙያውን አመስግኝልን" ብለው ይሄዳሉ። መልእክቱን ሁልጊዜ አድርሻለሁ።

ዛሬ ስልክ ብቻ የምትጠግኑ ባልደረቦቼ መርፌ ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ካርትሪጅ የምንላት ትንሽ ሣጥን አለች፤ መርፌው እሷ ላይ ይሰካል። ሸክላው ላይ እንደ እርሻ ትልም ያለ ቀጭን መስመር አለ፤ መርፌው በዚያ ውስጥ እየሄደ ድምፁን ያወጣል። መርፌ ሲያልቅ የካርትሪጇ ቁጥር ይነበብና በዚያው ቁጥር ይፈለጋል። ቁጥሩ ከተፋቀ የፕላስቲክ መያዣው ቅርጽ ይታያል።

ጋሼ ታደለ በዚህ አይቆሙም። ጫፉ ክብ ነው ሞላላ? ቀጭን ነው ወፍራም? በስቴሪዮ የተቀረጸ ሸክላ ትልሙ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ጫፍ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የታተሙት ሰፋ ያለ ትልም አላቸው፤ ወፈር ያለ ጫፍ ይስማማቸዋል። ይህን ያስተማሩኝ በቁጣ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉኝ ነበር፤ ምንም ሳላፈስም ይሉኛል።

እሳቸው ሲያርፉ ሱቁ ለእኔ ተረፈ። ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ሁለቱም ሄዱ። አሁን ሸክላ ተመልሷል። ሆቴሎች ለጌጥ ያስቀምጡታል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ወጣት መምህራን ደግሞ የምር ያዳምጡታል። አንድ የሆቴል ባለቤት ለጌጥ ላስቀመጠው ማጫወቻ ምርጥ መርፌ ካላስገባሽልኝ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ፣ "ለግድግዳ ሰዓት ክራቫት አያስፈልገውም" ብዬ መለስሁት። ተቀይሞኛል።

አያ ውበቴ የመጡት ባለፈው በጋ ነው። አይከል አጠገብ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እዚህ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ልጃቸው ብርቱካን ይዛቸው ገባች። በነጠላ የተጠቀለለ፣ በባትሪ የሚሠራ የሻንጣ ማጫወቻ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሸክላውን ግን ከኮታቸው ሥር፣ ከደረታቸው ላይ አላወጡትም።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኋቸው።

"ድምጿ እየራቀ ሄደ" አሉ።

"የማን?"

"የሚስቴ።"

ነገሩን ብርቱካን አስረዳችኝ። እናቷ ጥሩነሽ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አርፈዋል። በልጅነታቸው አንድ ማሲንቆ መቺ ሸክላ ሲያስቀርጽ ተቀባይ ሆነው ዘፍነዋል። ሌላ የተቀረጸ ድምፅ የላቸውም፤ ስልክ ሲደቀንባቸው ፊታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። አባትየው በተዝካሩ ቀን ድምፃቸውን ለዘመድ ሊያሰሙ አስበዋል።

"በመሃል ትስቃለች" አሉ አያ ውበቴ ድንገት። "ማሲንቆ መቺው ግጥሙ ጠፋበትና ሳቀች። ተቆጥተዋት ነበር፤ ግን እንዳለ ታተመ። ሸጋ ሳቅ ነው።"

ብርቱካን ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ቤተሰቡ ሁሉ ያፌዝበታል።"

"ነበረ እያልሁሽ! ምነው አታምኝኝም?" አሉ ሰውዬው። ጆሯቸው ደህና ነው።

የማጫወቻውን ክዳን ከፈትሁ። ካርትሪጇ አናት ላይ ሳንቲም በጧፍ ሰም ተለጥፏል። ይህን በገጠሩ ብዙ አይቻለሁ። መርፌው ሲያረጅ ይዘላል፤ እንዳይዘል ክብደት ይጨመርበታል። ያረጀ መርፌ በክብደት ሲጫኑት ትልሙን ያርሰዋል። አያ ውበቴ ይህን ለዓመታት አድርገውታል፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ።

"ይህ ምን ይሠራል?" አልሁ።

"ያረጋዋል። ጋን በጠጠር ይደገፍ የለ?"

"ጠጠሩ ጋኑን የሚደግፈው ከሥር ሆኖ ነው አያ ውበቴ። እርስዎ ከላይ ጫኑበት።"

ሳቁ። ሸክላውን ያን ጊዜ አወጡልኝ።

ብርቱካን አዲስ መርፌ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ነበር። የካርትሪጇን ቁጥር በትክክል አንብባለች፤ መርፌውም ትክክለኛው ነው። እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የማዝዘው። ሳንቲሙን አንሥቼ ሰካሁትና አጫወትሁ። ሱፍ በብረት ምጣድ ሲቆላ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ከሥሩ፣ በጣም ርቆ፣ የሴት ድምፅ አለ። ወዲያው ክንዱን አነሣሁ።

"ይኸው ነው፤ እንዲህ ሆነች" አሉ አያ ውበቴ። ብርቱካን ጎንበስ ብላ መርፌዋን አየች።

ሸክላውን ወደ መስኮቱ ወስጄ ባትሪ በአግድም አብርቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የትልሙ የታችኛው ግድግዳ ታርሶ አመድማ ሆኗል። ከፍ ብሎ፣ ከአፉ አጠገብ ያለው ግን ጥቁርና አንጸባራቂ ነው። ነገሩ ገባኝ። የካርትሪጇ ቁጥር የሚያዘው ቀጭን ጫፍ ነው፤ ሸክላው ግን ባለ ሰፊ ትልም፣ የድሮ ነው። ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ ሥሩን ሲፈጭ ኖሯል። ወፍራም ጫፍ ቢገባ ከላይ ይቀራል፤ ያልተነካውን ግድግዳ ይዞ ይሄዳል።

ጋሼ ታደለ መርፌ ያጠራቀሙበትን የቆርቆሮ ሣጥን አወረድሁ። ወፍራም ጫፍ ያለው፣ መያዣው ለዚህች ካርትሪጅ የሚቀርብ መርፌ አንድ ብቻ ተገኘ። የመያዣው ብረትም ዝገት ነበረበት። ጫፉን አገላብጬ መረመርሁ፤ የተሸረፈ ከሆነ የተረፈውን ግድግዳ በአንድ ዙር ያጠፋዋል። ለአያ ውበቴ ይህንኑ ነገርኋቸው።

"ጫፉ ደህና ይመስለኛል። ግን ዋስትና አልሰጥዎትም። ከተበላሸ ያሁኑንም ያህል አይሰሙም።"

ሰውየው ልጃቸውን አዩ። ብርቱካን "እንዳለ ይቅርብን፣ አባባ" አለች። እሳቸው ግን ብዙ ሳያስቡ "ሳቋ ከሌለ ምኑን ልስማው? ግቢበት" አሉኝ።

የመያዣውን የፕላስቲክ ጎን በምላጭ ላጥ ላጥ አድርጌ ሰካሁት። ከወርቅ ሠሪው ሚዛን ተውሼ የክንዱን ክብደት መርፌው ሳይዘል እስከሚችለው ድረስ አቀለልሁ። መጀመሪያ በማይረባ ሸክላ ሞከርሁት፤ መርፌው አልፋቀም፣ አልዘለለም። ብርቱካንን ስልኳን ወደ ማጫወቻው ድምፅ ማጉያ አስጠግታ እንድትቀርጽ አዘዝኋትና የጥሩነሽን ሸክላ አስቀመጥሁ።

የመቆላቱ ድምፅ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማሲንቆው ቀደመ። ከዚያ አንዲት ልጅ እግር፣ ድምጿ ጥርት ያለ፣ ተቀበለች።

አያ ውበቴ ፊታቸው ጠቆረ። "ይች ማን ናት?"

"እማዬ ናት እኮ" አለች ብርቱካን።

ሰውየው የለመዱት የተፈጨውን ድምፅ ነው። አንገታቸውን ሰብረው ጠበቁ። ማሲንቆው በመሃል ተደናቀፈ፤ ዘፋኙ አንድ ቃል ጀምሮ ተወው። አጭር ሳቅ ተሰማ፤ በእጅ የታፈነች፣ ከጣት መሃል ያመለጠች። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ።

ብርቱካን ስልኩን እንደያዘች በሌላው እጇ አፏን ያዘች። እኔም አለቀስሁ፤ ለምን እንደምደብቀው አላውቅም።

ሸክላው ሲያልቅ ብርቱካን "እባክሽ ድገሚው" አለችኝ።

"ተይ" አሉ አያ ውበቴ። "በስልኩ ገብታለች። ሸክላዋን አሳርፏት።"

ጠረጴዛው ላይ የተውሁትን ሳንቲም አነሡ። የደረቀውን ሰም በጥፍራቸው ፋቁት።

"እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነበር የጫንሁት" አሉ።

"አውቃለሁ" አልኋቸው።

መርፌ ምረጡ ስትባሉ መጀመሪያ ሸክላውን አምጡ በሉ።